ንባብና ትርጓሜ፤ ስለ መጽሐፍ ቃልና ስለ ተፈጥሮ ምርምር የተጻፈ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

በጉባኤ ቤትም በአደባባይም ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ሳይንስ የሚባለው የተፈጥሮ ምርምር ስለ ምድር ዕድሜና ስለ ሰማይ ብርሃናት ያገኘው ነገር ከመጽሐፍ ንባብ ጋራ የማይስማማ ሲመስል ሰው የትኛውን ይያዝ የሚል ነው። አንዱ ወገን ንባቡ እንደ ተጻፈ ካልተያዘ ሃይማኖት ይፈርሳል ይላል። ሁለተኛው ወገን ምርምሩ እውነት ከሆነ መጽሐፉ ተረት ነው ይላል። ሁለቱ ወገኖች ባላጋራ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ መጽሐፍ የተጻፈው የምድርን ስፋትና የዘመንን ቍጥር ለማስተማር ነው ብለው ሁለቱም ያስባሉ።

በመካከል የሚጎዳው ከቆሎ ትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ አስኳላ የገባው ወጣት ነው። መምህሩ ምድር ድቡልቡል ናት ያለ ሰው መጽሐፍን ክዷል ብሎ አስተምሮት እንደ ሆነ፥ ወጣቱ የምድርን ድቡልቡልነት በማስረጃ በተረዳ ጊዜ ዓይኑ ያየውን ሊክድ አይችልም። አስቀድሞ መምህሩን ይተዋል፤ ቀጥሎም መምህሩ የያዘውን መጽሐፍ ይተዋል። እንዲህ ያለች ነፍስ ብትጠፋ ጥፋቱ የማን ነው ቢሉ፥ መጽሐፍ ያላለውን መጽሐፍ አለ ብሎ ያስተማረው ሰው ከተጠያቂነት አያመልጥም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከ1400 ዓመት በፊት በእስክንድርያ ሊቃውንት ዘንድ ተነሥቶ ነበር፤ ከተከራካሪዎቹም አንዱ የኢትዮጵያን ምድር የረገጠ ሰው ነው።

በንጉሥ ካሌብ ዘመነ መንግሥት፥ በ525 ዓመት ገደማ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)፥ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ ወደ አዱሊስ ወደብ መጣ። ንጉሡ በዚያን ጊዜ ባሕር ተሻግሮ በሕምያር ላይ ሊዘምት ይዘጋጅ ነበር። በአዱሊስ ከነጭ እብነ በረድ የተሠራ መንበር፥ ከመንበሩም በስተኋላ ከጥቁር ድንጋይ የተጠረበ ሐውልት ነበረ፤ በሁለቱም ላይ የጽርዕ ጽሕፈት ተቀርጾባቸው ነበር። ንጉሡ ጽሕፈቱ ተገልብጦ እንዲላክለት የአዱሊስን ገዥ አዘዘው፤ ገዥውም ሥራውን ለኮስማስና ሜናስ ለሚባል ለሌላ ነጋዴ ሰጣቸው። እነርሱም ገልብጠው አስረከቡ፤ ኮስማስም አንዱን ግልባጭ ለራሱ አስቀረ። መንበሩም ሐውልቱም ጠፍተዋል፤ ጽሕፈታቸው ለትውልድ የተረፈው በኮስማስ እጅ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ ሰው ባለ ዕዳ ነው።

ኮስማስ ፊደሉን ገልብጦ አቆየ፤ ነገር ግን ተናጋሪውን ሳተ። በሐውልቱ ላይ የሚናገረው በግብጽ የነገሠው ሣልሳዊ በጥሊሞስ፥ ኤውርጌጤስ የተባለው ነው፤ ይህ ንጉሥ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ246 እስከ 222 ዓመት ነገሠ። በመንበሩ ላይ የሚናገረው ግን ከርሱ ብዙ ዘመን በኋላ የነበረ የአክሱም ንጉሥ ነው። ስለ አጋሜና በረዶ ስለሚወርድበት ስለ ስሜን ተራራ ይናገራል፤ ባሕር ተሻግሮ መውጋቱንም ያወራል። ኮስማስ ግን ሁለቱ ጽሕፈቶች በአንድ ስፍራ ስለ ቆሙ የአንድ ሰው ቃል መሰሉት፤ የመንበሩን ጽሕፈት የሐውልቱ ተከታይ አድርጎ አነበበው። ሊቃውንት ይህን ለይተው ያወቁት ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ነው። ከዚህ እንደሚታየው ንባብን በትክክል መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ ማን እንደሚናገር፥ ስለ ምን እንደሚናገር፥ ለምን እንደሚናገር ካልታወቀ እውነተኛ ንባብ ሐሰተኛ ትርጓሜ ይወልዳል።

ይኸው ኮስማስ ከ547 ዓመት ወዲህ ባለው ጊዜ ስለ ዓለም ቅርጽ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። ትምህርቱን የተቀበለው የመጶስጤያውን ቴዎድሮስን ከሚከተሉ ከምሥራቅ ሶርያ መምህራን ነበር። ሙሴ በደብረ ሲና ያየው የደብተራ ኦሪት አምሳል የዓለም ሁሉ አምሳል ነው አለ። ስለዚህ ዓለም አራት ግድግዳ ያለው፥ ጣራውም እንደ ቀስት የጎበጠ ቤት ነው አለ። በደብተራው ያለው የኅብስት ገበታ ርዝመቱ ሁለት ክንድ፥ ወርዱ አንድ ክንድ ስለ ሆነ፥ ምድርም ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ያለው ርዝመቷ ከሰሜን እስከ ደቡብ ካለው ወርዷ እጥፍ ነው አለ። ሌሊት የሚሆነው ፀሐይ በሰሜን ካለ ከታላቅ ተራራ ኋላ ስትሰወር ነው አለ። ምድር ድቡልቡል ናት የሚሉትንም፥ በታች በኩል ላሉት ሰዎች ዝናም ወደ ላይ ሊዘንምላቸው ነውን እያለ ዘበተባቸው።

እንግዲህ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የምድርን ዙሪያ በጥላ የለካው ኤራቶስቴንስ በእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት የተሾመው በዚሁ በሣልሳዊ በጥሊሞስ ዘመን ነበር። አለካኩም እንዲህ ነው። ቀን እጅግ በሚረዝምበት ዕለት በቀትር ጊዜ በአስዋን ፀሐይ ከራስ በላይ ስለምትሆን የቆመ ነገር ጥላ የለውም። በዚያው ቀትር በእስክንድርያ ግን ጥላ አለ፤ የጥላውም ማዕዘን የክበብ 50ኛ እጅ ሆኖ ተገኘ። የሁለቱ ከተሞች ርቀት 5000 ምዕራፍ ተብሎ ስለ ተገመተ፥ የምድር ዙሪያ ሁሉ 250000 ምዕራፍ ይሆናል አለ፤ በዚህ ስፍራ ምዕራፍ ማለት ጽርዓውያን መንገድ የሚለኩበት ስታድዮን ነው። ኮስማስ የዚያን ንጉሥ ሐውልት በእጁ ገለበጠ፤ በዚያ ንጉሥ ዘመን የታወቀውን ነገር ግን አልተቀበለም።

በነጋዴነቱ ያየውን በጻፈ ጊዜ ኮስማስ ታማኝ ምስክር ነው፤ ስለ አክሱም ቤተ መንግሥት፥ ስለ ወርቅ ንግድ፥ ስለ ዝሆንና ስለ አውራሪስ የጻፈውን የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። ያላየውን ከመጽሐፍ ቃል እየቈረጠ በሠራ ጊዜ ግን ሳተ። ጨረቃ በምትጋረድበት ሌሊት በፊቷ የሚያልፈው የምድር ጥላ ዘወትር ክብ ነው፤ ባለ አራት ማዕዘን ቤት እንዲህ ያለ ጥላ አይጥልም። ከእስክንድርያ ወደ አዱሊስ የሚጓዝ ሰውም የሰሜን ኮከቦች ዝቅ ዝቅ ሲሉ፥ አዲስ የደቡብ ኮከቦች ሲወጡ ያያል። ኮስማስ ይህን መንገድ በመርከብ ሄዶበታል።

በዚያው ዘመን በእስክንድርያ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የሚባል የሰዋስው መምህር ነበረ። እርሱ ስለ ክርስቶስ ተዋሕዶ የእስክንድርያን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይከተል ነበር። በ529 ዓመት ጵሮቅሎስ የተባለው ፈላስፋ ዓለም መጀመሪያ የለውም ብሎ በጻፈው ላይ ተነሥቶ፥ ዓለም ተፈጥሯል፥ መጀመሪያም አለው ብሎ በመልካም ክርክር መለሰለት። አርስጣጣሊስ ከባድ ነገር ከቀላሉ በክብደቱ ልክ ፈጥኖ ይወድቃል ባለውም ላይ ተከራክሮ፥ ክብደታቸው የተለያየ ሁለት ነገሮች ከአንድ ከፍታ ቢለቀቁ በመድረሻቸው ጊዜ ያለው ልዩነት እጅግ ጥቂት እንደ ሆነ አስረዳ። ስለዚህ ለፈላስፎች የሚያጐበድድ ሰው አልነበረም።

ይህ ሰው ስለ ኦሪት ዘፍጥረት ትርጓሜ በጻፈው መጽሐፍ፥ ምድርና ሰማይ ድቡልቡል አይደሉም እያሉ መጽሐፍን የሚጠቅሱትን ነቀፋቸው። ቴዎድሮስን በስሙ ጠርቶታል፤ ኮስማስን በስሙ ባይጠራውም መልሱ ለርሱም ይሆናል። የነገሩም ፍሬ እንዲህ ነው፤ ሙሴ የጻፈው ሰዎችን ወደ እግዚአብሔር እውቀት ለማድረስ ነው እንጂ የከዋክብትን አካሄድ ለማስተማር አይደለም። ስለዚህ ከሙሴ የከዋክብትን ትምህርት መጠየቅ ሙሴን ያልተላከበትን መልእክት ንገረን እንደ ማለት ነው። ዮሐንስ በኋለኛው ዘመኑ ስለ ሥላሴ በጻፈው ነገር ስቷል፤ ቤተ ክርስቲያንም ያንን ትምህርቱን አልተቀበለችውም። ስለ ፍጥረት የተናገረው ግን ከራሱ ያመነጨው አይደለም፤ ከርሱ በፊት ቅዱስ ባስልዮስ ያሳየው መንገድ ነው።

ቅዱስ ባስልዮስ በ378 ዓመት ገደማ ስለ ስድስቱ ዕለታት ፍጥረት ለሕዝቡ ባስተማረው ድርሳን፥ ሙሴ ስለ ምድር ቅርጽና ስፋት ዝም ማለቱ ለነፍስ ጥቅም የሌለው ስለ ሆነ ነው እንጂ ባለማወቅ አይደለም ብሎ አስረድቷል። ነገር ግን በዚያው ድርሳን ሌላም ነገር ተናግሯል፤ ሣሩን ሣር፥ ዓሣውን ዓሣ እንደ ሆነ ሳይቀበሉ ሁሉን ነገር ወደ ምሥጢር የሚለውጡትንም ነቅፏል። ይህ ሁለተኛው ቃል አይረሳ። ንባብ የሚከብደውን ሁሉ ምሳሌ ነው ብሎ ማለፍ እንደ ኮስማስ ያለ ሌላ ስሕተት ነው፤ ያኛው መጽሐፍን ያላለውን ያናግረዋል፥ ይኸኛው ያለውን እንዳይናገር ያፍነዋል። ባስልዮስ ግን በሁለቱ መካከል ይሄዳል፤ መጽሐፍ የተናገረውን ተቀበል፥ ዝም ባለበት አትጨምርበት ማለቱ ነው።

ይህን መንገድ መልቀቅ የሚያመጣው ጉዳት በሮም ታይቷል። መጽሐፈ ኢያሱ በምዕራፍ 10 ፀሐይ በገባዖን እንደ ቆመች ይናገራልና፥ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ያለውን ጋሊሌዎን የሮም ዳኞች በ1633 ዓመት ፈረዱበት፤ እስኪሞትም ከቤቱ እንዳይወጣ ሆነ። ምርምሩ ግን እውነት ሆኖ ጸና። በ1992 ዓመት ጳጳሱ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የእነዚያን ዳኞች ስሕተት በአደባባይ አመነ። ኢያሱ የተናገረው ሰው ሁሉ እንደሚናገረው ነው፤ የከዋክብት ሊቅም ቢሆን ማታ ፀሐይ ገባች ይላል እንጂ ምድር ዞረች አይልም፥ በዚህም ሐሰተኛ አይባልም። በዚያ ስፍራ የመጽሐፉ ምስክርነት እግዚአብሔር ለሕዝቡ መዋጋቱ ነው።

ይህ ሁሉ የባዕዳን ነገር ነው፥ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን ንባብን እንደ ተጻፈ ትይዛለች የሚል ቢኖር፥ ሁለት ነገር ያስተውል።

መጀመሪያው ስለ ዕለት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 እግዚአብሔር አዳምን ከዕፀ በለስ በበላህ ዕለት ትሞታለህ ብሎት ነበር፤ አዳም ግን 930 ዓመት ኖረ። ዕለት ማለት ከጥዋት እስከ ጥዋት ያለው ጊዜ ብቻ ከሆነ ቃሉ እንዴት ተፈጸመ ቢሉ፥ መጽሐፈ ኩፋሌ ይመልሳል፤ ሺህ ዓመት በሰማይ እንደ አንድ ዕለት ነው፥ አዳምም ሺህ ሊሞላው 70 ዓመት ሲቀረው ስለ ሞተ በዚያው ዕለት ሞተ ያሰኛል። እንግዲህ ዕለት የሚለውን ቃል ከአንድ ቀን አስፍቶ መተርጐም የዘመን ፈሊጥ አይደለም፤ ከ81ዱ መጻሕፍት ባንዱ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ደግሞም ፀሐይ የተፈጠረችው በአራተኛው ዕለት ነውና፥ ከርሷ በፊት የነበሩት ሦስቱ ዕለታት በፀሐይ መውጣትና መግባት የተቈጠሩ አይደሉም።

ሁለተኛው ስለ ዓመት ነው። መጽሐፈ ሄኖክም መጽሐፈ ኩፋሌም ዓመትን 364 ቀን ይሉታል፤ ኩፋሌስ ሕዝቡ በዚህ ቍጥር እንዲጠብቁት አጥብቆ ያዛል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እኒህን መጻሕፍት ከቅዱሳት መጻሕፍት ትቈጥራቸዋለች፥ ሌሎች ባጠፏቸው ጊዜም ለዓለም ያቆየቻቸው እርስዋ ናት። ነገር ግን በባሕረ ሐሳብ ዓመትን የምትቈጥረው 365 ቀን ብላ ነው፥ በየአራተኛውም ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ታደርጋለች። ለምን ቢሉ፥ በ364 ቀን ብቻ ቢቈጠር ዓመቱ በየዓመቱ ከአንድ ቀን የሚበልጥ ከፀሐይ እየቀደመ ይሄዳል፤ በ100 ዓመት ውስጥ ከ120 ቀን በላይ ይዛባል። በጥቢ የሚውለው መስቀል ወደ ክረምት መግቢያ ወርዶ በዝናምና በጭቃ ይውል ነበር። አበው የፀሐይን እውነተኛ ጉዞ አይተው ቍጥሩን በርሱ ሠሩ፤ ሄኖክንም ኩፋሌንም ሐሰት አላሉም፥ ከቅዱሳት መጻሕፍትም አላወጡም። በጉባኤ ቤት ሄኖክን የተረጐመ መምህር በዚያው ሳምንት ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምር ነፍሱ አልታወከችም። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ይህን ጥያቄ ሳትሸበር በሥራ መልሳዋለች።

በዚህ ብርሃን ዛሬ ስለሚነሣው ስለ ምድር ዕድሜ መመልከት ይገባል። ዩራኒየም የሚባል ማዕድን አለ፤ በማይናወጥ ልክ ጥቂት በጥቂት ወደ እርሳስ ይለወጣል። ከአንዱ ዓይነት ዩራኒየም ግማሹ እርሳስ እስኪሆን 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይወስዳል፤ ቢሊዮን ማለት ሺህ ጊዜ ሚሊዮን ነው። የጧፍ ፍጥነት የታወቀለት ሰው የቀለጠውንና የቀረውን አይቶ መቼ እንደ በራ እንደሚያውቅ፥ መርማሪዎችም ከማዕድኑ የተለወጠውን መዝነው የድንጋዩን ዕድሜ ያውቃሉ። በ1956 ዓመት ክሌር ፓተርሰን የተባለ አሜሪካዊ ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችን በዚህ መንገድ መርምሮ የምድርን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው አለ፤ ከርሱ በኋላ በብዙ መንገድ የተደረገው ምርመራም አጸናው። በኢትዮጵያም በ1974 ዓመት በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘው ድንቅነሽ የተባለው አጽም፥ በተገኘበት ንጣፍ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ተመርምሮ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኖታል።

ቤተ ክርስቲያን ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ትቈጥራለችና ይህ እንዴት ይስማማል ቢሉ፥ አስቀድሞ ቍጥሩ ከየት እንደ መጣ ይታወቅ። ቍጥሩ የተሰበሰበው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 5 እና ምዕራፍ 11 ካለው የአበው ትውልድ ነው። ሰባው ሊቃናት በተረጐሙት አዳም ሴትን የወለደው በ230 ዓመቱ ነው፤ በዕብራይስጡ ግን በ130 ዓመቱ ነው። ሌሎቹም አበው እንዲሁ ይለያያሉ። ስለዚህ በ1650 ዓመት የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ከዕብራይስጡ ቈጥሮ ፍጥረት ከክርስቶስ በፊት በ4004 ዓመት ሆነ አለ። ሁለቱም ንባቡን እንደ ተጻፈ ይዘው ነበር፤ በመካከላቸው ግን 1500 ዓመት ያህል ልዩነት አለ። የሃይማኖት መሠረት በዚህ ቍጥር ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ አብያተ ክርስቲያናት በቍጥሩ በተወጋገዙ ነበር። በጸሎተ ሃይማኖት የሚታመነው ግን እግዚአብሔር የሚታየውንና የማይታየውን መፍጠሩ ነው እንጂ የዓመቱ ብዛት አይደለም። 5500 ዘመን የመዳን ተስፋ የሚቈጠርበት የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ ለአዳም የተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ኪዳን መፈጸሙን ያስታውሳል፥ በዚህም ክብሩ አይጐድልም።

ከዚህ በኋላ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። ስለ ዕለትና ስለ ቍጥር ትርጓሜ ከተፈቀደ ስለ ክርስቶስ ትንሣኤም ምሳሌ ነው ቢሉ ምን ይከለክላል የሚል ነው። የሚከለክለው ያው መጀመሪያ የተባለው ነገር ነው፤ ማን ይናገራል፥ ስለ ምን ይናገራል፥ ለምን ይናገራል ብሎ መጠየቅ። ሐዋርያት ስለ ትንሣኤ ሲናገሩ ያዩትንና በእጃቸው የዳሰሱትን የሚመሰክሩ ምስክሮች ናቸው፤ ሊመሰክሩ የመጡትም ይህንኑ ነው፥ ደማቸውንም ያፈሰሱት ስለዚህ ነው። ሙሴ ግን ድንጋይ ስንት ዓመት እንደ ኖረ ሊመሰክር አልመጣም። ምስክርን በመጣበት ነገር ማመን፥ ባልመጣበት ነገር አለመጠየቅ የፍርድ ሥርዓት ነው።

እንደዚሁም መርማሪው ወሰኑን ይወቅ። ሚዛን የወርቅን ክብደት ይነግራል፤ ወርቁ የማን እንደ ሆነ ግን አይነግርም። አጥንት ስንት ዘመን እንደ ኖረ በምርመራ ይታወቃል፤ ሰው በእግዚአብሔር አርአያ መፈጠሩ ግን በሚዛን አይመዘንም፥ በጕድጓድም ተቈፍሮ አይገኝም። ምድር ብዙ ዘመን ስለ ኖረች ፈጣሪ የላትም የሚል ሰው ከሚዛኑ ያልተጻፈውን አንብቧል፤ እርሱም በሌላ ስፍራ የቆመ ኮስማስ ነው።

ስለዚህ መምህራን ተማሪው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይዞ ሲመጣ አይቈጡት፥ ከሐዲም አይበሉት። መጽሐፍ የሚመሰክረውን ያሳዩት፤ ዝም ያለበትንም ዝም ብሏል ብለው በእውነት ይንገሩት። ወላጆችም ልጆቻቸውን ወደ አስኳላ ሲልኩ ከጉባኤ ቤት አይለዩዋቸው፤ አንዱን ብቻ የተማረ ሌላውን ሊፈራው ወይም ሊንቀው ይችላልና።

በአዱሊስ ሁለት ጽሕፈት ጐን ለጐን ቆሞ ነበር። ኮስማስ አንዱን የሌላው ተከታይ አድርጎ አነበበ፥ ስለዚህም ሁለቱን ሳተ። ለያይቶ ያነበበ ግን የበጥሊሞስንም የአክሱምን ንጉሥም ታሪክ አገኘ፤ አንዱም በሌላው አልተሻረም። መጽሐፍና ፍጥረትም በሰው ፊት እንዲሁ ጐን ለጐን ቆመዋል። የሁለቱ ባለቤት አንድ እግዚአብሔር ነው፤ የሚናገሩት ነገር ግን ለየራሱ ነው። እያንዳንዱን በየነገሩ ያነበበ ሰው ድንጋዩን ሳይክድ ቃሉን ይጠብቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።